ሳይለካ የተደረገ ምልክት

ሰኞ

የምግብ ዘይት አልጨመርሁም። ይህ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት ሴቶች እያዩኝ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ኋላ አንደኛዋ ደፍራ ቀረበችና፣ «እማማ አስካለ፣ እውነት ነው በምሕረት መኪና ሞተር ውስጥ የምግብ ዘይት የጨመሩት? ዓይናቸው ደክሞ ነው እየተባለ ነው እኮ» አለችኝ። ያለው ማን እንደሆነ ስጠይቃት ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። ቢጫው ጀሪካን የምግብ ዘይት ጀሪካን ነበር። ባዶውን በሳሙና አጥቤ አድርቄዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ከሞተሩ የወረደውን ጥቁር ዘይት የተቀበልሁት በእርሱ ነው። ዘይት ወደ ጀሪካኑ ገባ እንጂ ከጀሪካኑ አልወጣም። ገቢና ወጪ የማይለይ ሰው ወሬ ባያወራ ይሻለዋል። ዓይኔን በተመለከተ፣ ለንባብ መነጽር አደርጋለሁ። ለመንገድ አያስፈልገኝም።

ወሬውን ያስነሣችው በላይነሽ መሆኗን አውቃለሁ። እዚህ ጁባ፣ ቡሉክ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። እኔና ልጄ ምሕረት ከኋላ ነን፣ እርሷ በመንገዱ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ምግብ ቤት አድርጋቸዋለች። ክፋት የላትም። ያየችውን ሁሉ ግን ለደንበኛ ከምሳው ጋር ታቀርበዋለች። ጀሪካኑን ስሸከም አየችኝ፣ የቀረውን ራሷ ሞላችው።

ወሬ ብቻ ቢሆን ትቼው ነበር። ምሕረት ግን ሰምታለች። ዛሬ ጠዋት ለሥራ ወደ ማላካል ልትሄድ ሻንጣዋን ዘግታ እንዲህ አለችኝ፦ «እማ፣ ቢሮ ድረስ መጥቷል ወሬው። ሰባ ሁለት ዓመትሽ ነው፣ አንቺን መሬት ላይ ተኝተሽ ማየት ደክሞኛል። የአሁኑን ሰርቪስ አንቺ ሥሪው። ቅዳሜ ከአውሮፕላን ማረፊያ አንቺው ውሰጂኝ። መኪናዋ ደኅና ከሆነች ቁልፉ ያንቺ ነው፣ ሁለተኛ አላነሣውም። አንድ ነገር ከተበላሸ ግን ሹፌር እቀጥራለሁ፣ አንቺ ከኋላ ትቀመጫለሽ።»

እሺ አልሁ። ሌላ ምን ይባላል።

ከኋላ መቀመጥ ምን እንደሆነ አልገባትም። ባሌ ሞቶ እዚህ ስመጣ ቋንቋ አላውቅም፣ ሰው አላውቅም። በዚህ ከተማ ማንንም ሳላስቸግር ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም ዘንድ፣ ገበያ የምሄደው በዚያች መኪና ነው። ሹፌር ከመጣ ለእያንዳንዱ መንገድ ምክንያት ማቅረብ ሊኖርብኝ ነው።

ጋራዥ ለምን አትወስጂያትም ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። አምና አንድ ጋራዥ የአየር ማጣሪያውን ቀየርሁ ብሎ አሮጌውን አራግፎ መልሶ ገጠመው። እኔ ከመስጠቴ በፊት ጥጉ ላይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ጭነት ማመላለሻ ጋራዥ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ነጥብ ሳላደርግ ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ያኔ እጄ የሚነካው ወረቀት ነበር። አሁን ዘይቱንም ይነካል፣ ልዩነቱ ያ ብቻ ነው።

ሥራውን በካርቶን ላይ በዐሥር ተራ ጻፍሁት። አሮጌውን ዘይት ማፍሰስ፣ የዘይቱን ማጣሪያ ፊልትሮ መቀየር፣ የአየር ማጣሪያ፣ የፍሬን ዘይት ማየት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ዘጠነኛው፦ መኪናዋን ከመወጣጫው ደልዳላ ሜዳ ላይ አውርዶ ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ መለካት። ዐሥረኛው፦ የሰርቪስ መብራቱን ማጥፋት። እያንዳንዱ ሲያልቅ ምልክት ይደረግበታል።

ከሰዓት በኋላ ጁባ ታውን ወዳለ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ፣ «ሐቦባ፣ ሹፌሩን ላኪው፣ እሱ ያውቃል» አለኝ። ሐቦባ አያት ማለት ነው፤ በአክብሮት ነው የሚሉት፣ በአክብሮት ነው የሚያባርሩሽም። ሹፌሩ እኔ ነኝ አልሁት። ሣቀ። የመጀመሪያውን ፊልትሮ መለስሁ፣ ማሸጊያው ተከፍቶ ተለጥፏል። ሁለተኛውን መለስሁ፣ የጎማ ቀለበቱ ደርቋል። ሦስተኛውን ሲሰጠኝ መሣቁን ትቶ ነበር። ባለአራት ሊትር ዘይት ሁለት ገዛሁ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ።

ማክሰኞ

የዛሬ ዘመን መኪና የሠራው ሰው ባለቤቱ እንዲነካው አይፈልግም። ይህን የምለው ተናድጄ ነው፣ ቢሆንም እውነት ነው።

ቾል ባለፈው ዓመት በጡብና በሲሚንቶ የሠራልኝ ሁለት መወጣጫዎች አሉ። የፊት ጎማዎቹን እነርሱ ላይ አወጣሁ። መኪናዋ አፍንጫዋን ሽቅብ አንሥታ ቆመች። ቾል የግቢው ጥበቃ ነው፤ ሃምሳን ያለፈ፣ ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛውን እዚያ ትምህርት ቤት የተማረ ኑዌር። «እማማ፣ እኔ ልግባ» አለ። የሚገባው ካርቶኑን የጻፈው ሰው ነው አልሁት። መግባቱ ቀላል ነበር። መውጣቱ ጊዜ ወሰደ።

ከሥር ትልቅ የፕላስቲክ መሸፈኛ አለ። በዐሥራ አንድ የፕላስቲክ ቁልፎች ተይዟል። ለምን ዐሥራ አንድ? ስድስት ይበቃው ነበር። እያንዳንዱን በካቻቪቴ ፈልቅቄ በእንቁላል ትሪ ላይ በተራ ደረደርኋቸው። ሰባተኛው ተሰበረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ሳልሰብር ኖሬ በአንዲት ጥርስ በምታህል ፕላስቲክ ተሸነፍሁ።

በላይነሽ በኩሽናዋ በር ብቅ ብላ፣ «እትዬ አስካለ፣ እግርዎ ብቻ ሲታይ የዳጠችዎ መስሎኝ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች» አለች።

«አልዳጠችኝም። ብትድጠኝ ካንቺ ቀድሞ ማን ያወራዋል?»

«እኔ ምን አወራሁ?»

«የምግብ ዘይት።»

«ጀሪካኑን አየሁ አልሁ እንጂ ጨመሩ አላልሁም። ሰው ነው የጨመረው» አለች። መልሷ አሳቀኝ፤ እንዳታየኝ ከመኪናዋ ሥር ሆኜ ነው የሣቅሁት።

የማፍሰሻው ታፖ፣ ከሥር ያለው መድፈኛ ቡሎን፣ ወዲያው ተከፈተ። ዘይቱ ወረደ፣ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። እስከዚህ መልካም ነበር። ችግሩ ፊልትሮው ነው። የድሮ መኪና ፊልትሮው ራሱ ቆርቆሮ ነበር፤ በጨርቅ ይዞ መጠምዘዝ ነው። የዚህችኛዋ በፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ተቀምጧል፣ ክዳኑም ዙሪያው ጥርስ ጥርስ ነው። ለዚያ ጥርስ የተሠራ እንደ ኩባያ ያለ መፍቻ፣ ኪያቤ፣ ካልተገኘ አይዞርም። ባለፈው ጊዜ ተውሼ የሠራሁበት ሰው ወደ አገር ቤት ገብቷል፣ ኪያቤውም አብሮት።

በጨርቅ ሞከርን፣ እምቢ። በቾል ቀበቶ ሞከርን፣ ቀበቶው ተበጠሰ። ቾል በመዶሻና በካቻቪቴ እናንቃንቀው አለ። አይሆንም አልሁ። ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ቅዳሜ ምሕረት እዚህ መወጣጫ ላይ ነው የምታገኘን።

መኪናዋ ዘይት የሌለው ሞተር ይዛ ቆማለች። እጄን በኦሞ ሦስት ጊዜ ታጠብሁ፣ ጥፍሬ ሥር ያለው አልለቅ አለ።

ረቡዕ

ጠዋት ከቾል ጋር በራክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ ማንጋቴን ሰፈር ሄድን። እዚያ አንድ ጋራዥ ኪያቤው እንዳለው ቾል አጣርቷል። ባለጋራዡ ኪያቤው አለ፣ አላውስም አለ። መኪናዋን አምጡ ይላል። ዘይት የሌላትን መኪና እንዴት አድርጌ ላምጣ ብዬ በቾል አስተርጓሚነት ጠየቅሁት። እንግዲያው እኔ መጥቼ ልሥራ አለ። እርሱንም አልፈለግሁም። ሃያ ደቂቃ ተከራከርን። በመጨረሻ የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። መያዣ ነው አልሁት፣ ኪያቤውን ስመልስ ትመልሳለህ። ሰዓቱን አገላብጦ አየና፣ «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። እስካሁን የነበረውን ችግር ማን እንደፈጠረው አልነገረኝም።

ኪያቤው እንደ ቆብ ልክክ አለ። ክዳኑ ሩብ ዙር ሲዞር የሰማሁት ድምፅ ከዚህ ሳምንት ሁሉ ደስ ያለኝ ነው። አዲሱን ፊልትሮ አስገባሁ፣ የጎማ ቀለበቱን በጣቴ ዘይት ቀባሁ፣ ክዳኑን፣ በላዩ ያለው የቀስት ምልክት ሞተሩ ላይ ካለው እስኪገጥም፣ አጠበቅሁ። ከዚያ አላለፍሁም። ታፖውን ዘጋሁ። የአየር ማጣሪያውን ሳወጣው ቀይ አፈር እንደ በርበሬ ረገፈ። አዲሱ ላይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግሁ፣ ራሴን ማመኔ ልማዴን አያስተወኝም።

መጽሐፉ ከፊልትሮ ጋር አራት ሊትር ከአራት መቶ ሚሊ ይላል። የመጀመሪያውን ጣሳ ሙሉውን ጨመርሁ። ከሁለተኛው አራት መቶውን በሕፃን ጡጦ ለካሁ፤ ጡጦው ከገበያ የተገዛ አዲስ ነው፣ ይህም ወሬ እንዳይሆን። በጣሳው ጎን የዘይቱ ከፍታ የሚታይበት ግልጽ መስመር አለ። የቀረው እስከየት እንደሆነ በእርሳስ አሰመርሁበት፣ ፈረምሁበትም። ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ አስነሣሁ። ከሥር ጠብታ የለም።

ዐሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ግቢው ወዲያው ጭቃ ሆነ፣ ከመወጣጫው ማውረድ አልተቻለም። ኮፈኑን ዘግቼ ቤት ገባሁ። ሁለተኛውን ጣሳ በረንዳዬ ላይ ተውሁት። መኪናዋን አልቆለፍሁም፣ ግቢ ውስጥ ናት።

ካርቶኑን ቤት ውስጥ ሞላሁ። እስከ ዘጠነኛው ተራ ድረስ ምልክት አደረግሁ። ዘጠነኛው ነገ ጠዋት ስትወርድ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነው፣ ለዚያውም በሚሊ ለክቼ በጨመርሁት ላይ ዘንግ ምን ይጨምራል። የቀረው ዐሥረኛው ብቻ ነው።

በላይነሽ የሹሮ ፍትፍት ላከችልኝ። ዕርቅ መሆኑ ነው። በላሁት፣ ሳህኑን ግን ባዶ አልመለስሁም፤ ሎሚ አድርጌበት ላክሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ጭቃው ጠጠር ብሎልኝ መኪናዋን አወረድሁ። መሸፈኛውን በዐሥር ቁልፍ አሰርሁት፣ ሰባተኛው ቦታ ባዶ ነው። ከዚያ ከሰርቪስ መብራቱ ጋር ተጣላሁ።

ይህች ብርቱካናማ መብራት ዘይቱ መቀየሩን አታውቅም። መቀየሩን የምታውቀው ሲነገራት ነው። ለመንገር ደግሞ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አለማስነሣት፣ ከመሪው ፊት ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ፣ ቁጥሩ ብልጭ ሲል መልቀቅ፣ መልሶ መጫን። መጀመሪያ ቶሎ ለቀቅሁ። ሁለተኛ ዘገየሁ። ሦስተኛ የመኪናዋ ጽሑፍ ወደ ዓረብኛ ተቀየረ። ቾል አነበበልኝና ወደነበረበት መለስነው። አምስተኛው ላይ ጠፋች። ዐሥረኛውንም ተራ ምልክት አደረግሁ። ካርቶኑ ሙሉ ሆነ። ለአንድ ሰዓት ያህል ደስተኛ ሴት ነበርሁ።

ኪያቤውን ልመልስ ወጣሁ። ዋናውን መንገድ ሳልይዝ አንድ ባለሞተር ከጎኔ ደርሶ በእጁ ወደ ኋላ እያመለከተ፣ «ማማ፣ ዱኻን!» ይላል። በመስታወት አየሁ። ጭስ። ነጭ ሰማያዊ፣ ወፍራም ጭስ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ በመስኮት ገባ። መንገድ ዳር ያሉት ሁሉ ቆመው ያያሉ።

ቀስ ብዬ አዞርሁ። ግቢ ስገባ የበላይነሽ ምሳ ተመጋቢዎች በሙሉ በረንዳ ላይ ናቸው። አንዱ፣ የኮንስትራክሽን ሰው ነው፣ እንዲሰማኝ አድርጎ፣ «የምግብ ዘይት ሲቃጠል እኮ ጭሱ ነጭ ነው» አለ። ሌላው፣ «ሽንኩርት ቢጨምሩበት ወጥ ይወጣው ነበር» አለ። በላይነሽ፣ «ዝም በሉና ብሉ!» ብላ ጮኸችባቸው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ቶሎም ገባች። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም።

ሞተሩን አጠፋሁ። በጣም ይሞቅ ስለነበር ኮፈኑን አልከፈትሁም። እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነው።

ፊልትሮው አስመስለው የሠሩት ይሆን? ቀለበቱ ተቆንጥጦ ይሆን? ምሕረት ከማላካል ደወለች። ደኅና ነሽ ወይ አለች፣ ደኅና ነኝ አልሁ። መኪናዋስ አለች። «መብራቷ ጠፍቷል» አልኋት። ውሸት አይደለም። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ዓርብ

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለዚያ እናደዳለሁ።

ሌሊቱን በርዳ ያደረችውን መኪና ከፍቼ ዘንጉን አወጣሁ። በዘንጉ ጫፍ ሁለት ነጥቦች አሉ። ዘይቱ በታችኛውና በላይኛው መካከል መሆን አለበት። ዘይቱ ከላይኛው ነጥብ ሁለት ጣት አልፏል። ጠርጌ መልሼ ከተትሁ፣ አወጣሁ። ያው ነው። ዘይት ሲበዛ ሞተሩ ሲዞር ይናጣል፣ አረፋ ይሆናል፣ ወደ አየር መሳቢያው ያልፍና ይቃጠላል። ጭሱ ያ ነው።

ያን ጊዜ የተሰማኝን መጻፍ ይከብደኛል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ጡጦውን አምጥቼ መስመሮቹን ቆጠርሁ። አራት መቶውን ደጋግሜ ጨምሬ ይሆን? ወሬኞቹ ልክ ነበሩ ማለት ነው? ልጄ ልክ ነበረች ማለት ነው? ሰው ዓይኑ ሲደክም ራሱ መጨረሻ ነው የሚያውቀው ይላሉ።

ከዚያ ጣሳውን አስታወስሁ። በረንዳው ላይ ነው፣ ክዳኑ ተዘግቷል። የእርሳስ መስመሬ አለ፣ ፊርማዬ አለ። ዘይቱ ከመስመሩ ወደ አራት ጣት ዝቅ ብሏል።

እጄ አልተሳሳተም። ሌላ እጅ ገብቷል።

ቾልን ጠራሁት። እዚህ ጋ ያደረግሁት አሳፋሪ ነው፣ ይጻፍ። «ቾል፣ ማንን ፈቅደህ ነው የጨመርኸው?» አልሁት። ጨምረሃል ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። ፊቱ ተለወጠ። «እማማ፣ ማክሰኞ መዶሻ አይሆንም ሲሉኝ መዶሻውን አላስቀመጥሁም? አልነካም ያልሁትን አልነካም» አለና ወደ በሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ጥበቃ ወደ መንገድ መመልከቱ ሥራው ነው። ዛሬ ግን ከእኔ ዞሮ ነው።

ወዲያው በላይነሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ሰምታለች።

«እሱን አይቆጡት። እኔ ነኝ።»

«ምን አንቺ ነሽ?»

«ዘይቱን። ረቡዕ ዝናቡ ሲያባራ ጄኔሬተሬን ለማየት ወጣሁ። የርስዎን መኪና አየኋትና አዘንሁ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብዎት አልሁ። ከፈትሁና ዘንጉን አወጣሁ። ዘይቱ ከታችኛው ነጥብ በታች ነው። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ከታች ከሆነ ጎደሎ ነው ብለው?»

«ከጣሳው ስንት ጨመርሽ?»

«እስኪሞላ። ደግሞ ትንሽ።»

«ትንሽ ምን?»

«እትዬ አስካለ፣ ለሰው ጎደሎ ይቀዳል እንዴ? እኔ ምግብ ቤት አፍ አፉን ሳልሞላ ብርጭቆ አስቀምጬ አላውቅም። ለርስዎ ይቅርና ለማላውቀው።»

ሞተር እንግዳ አይደለም ልል ነበር። ለምን አልጠየቅሽኝም ልል ነበር። እርሷ ግን መሬት መሬት እያየች፣ «ሐሙስ ጭሱን ሳይ ገባኝ። ልነግርዎ ስል እነዚያ ሲሥቁ አፌ ተያዘ» አለች።

ቆይቼ ነገሩን መረመርሁት። እርሷ ዘንጉን ያየችው መኪናዋ መወጣጫው ላይ አፍንጫዋን አንሥታ ሳለች ነው። ያኔ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዘንጉ ባዶ ያሳያል። ጄኔሬተሯ ሁልጊዜ ሲሚንቶ ላይ ደልዳላ ሆኖ ነው የሚቆመው። ባለፈው ዓመት ዘንግ ማንበብ ሳስተምራት ጠርገሽ ክተቺ፣ አውጪ፣ ነጥቡን እዪ አልኋት። ሜዳ ላይ መሆን አለበት አላልኋትም። ግማሹን ብቻ ነው ያስተማርኋት። እርሷ በጎደለው በኩል ሞላች።

የመጨመሩን ጥፋት ለእርሷ ልተወው እችል ነበር። ዘጠነኛውን ተራ ግን ለማንም ልተወው አልችልም። ሐሙስ ጠዋት ሜዳ ላይ ዘንጉን አንድ ጊዜ ባወጣ ኖሮ ከግቢ ሳልወጣ አየው ነበር። አላወጣሁም። ረቡዕ ማታ ምልክት አድርጌበት ነበርና።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ንብረት አያያዝ ያስተማረችን ሴት ከእጇ ማስመሪያ አይለይም ነበር። ዕቃው ሳይገባ የገቢ ደረሰኝ የፈረመች ልጅ እጇን ዘርግታ ትቆማለች። እኔ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልተመታሁም። በግምጃ ቤቱም ለዚህ ስንቱን ጸሐፊ ተቆጥቻለሁ፣ አንዱን አስባርሬያለሁ። አሁን በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ በዝናብ ምክንያት፣ ለሁለት ደቂቃ ሥራ።

ከሰዓት በኋላ መሸፈኛውን ፈትቼ እንደገና ገባሁ። ታፖውን ላላ አድርጌ በጥቂት በጥቂቱ አወረድሁ፣ ለካሁ፣ ዘንጉን አየሁ፣ ደግሜ አወረድሁ። የወረደው ዘጠኝ መቶ ሚሊ ሆነ። በላይነሽ ጀሪካኑን ይዛልኝ ቁጢጥ አለች፤ ቢጫውን ጀሪካን፣ በደንበኞቿ ሁሉ ፊት። ቾል ባትሪ አበራልኝ። አላናገረኝም፣ ግን አበራልኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሜዳ ላይ፣ ቀዝቃዛ ሞተር፣ ዘይቱ በሁለቱ ነጥቦች መካከል። አስነሣኋት። መጀመሪያ ትንሽ ጨሰች፣ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ነው። በቡሉክ ሦስት ዙር ዞርሁ። በሦስተኛው ዙር ጭስ የለም፣ ሽታም የለም። ማንጋቴን ሄጄ ኪያቤውን መለስሁ፣ ሰዓቴን ወሰድሁ። ባለጋራዡ ሰዓቱን ሞልቶ አቆይቶልኛል፣ ደቂቃ አላጎደለም። ስለ እርሱ የጻፍሁትን አልሰርዘውም፣ ይህን ግን ልጨምርለት። ሰባተኛዋን የፕላስቲክ ቁልፍ ጁባ ታውን አገኘሁ። ባለሱቁ ስለ ሹፌሩ አልጠየቀኝም።

ስድስት ሰዓት ላይ ለብሼ ቁልፉን ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ምሕረት ደወለች። ማላካል ዘንቦ የአውሮፕላኑ ሜዳ ጭቃ ሆኗል፣ አውሮፕላኑ ነገ ከሰዓት በኋላ ነው። «መኪናዋ ደኅና ናት አይደል?» አለች። ደኅና ናት አልሁ። ዛሬ እውነት ነው።

አስቸጋሪው ይህ ነው። ደኅና ናት። ነገ ብትነዳት ምንም አታገኝባትም። ካርቶኑ ሙሉ ነው፣ ዐሥሩም ተራ ምልክት አለው። ዝም ካልሁ ቁልፉ የእኔ ነው። ጭሱን ያየው ሰው ቢነግራት እንኳ በላይነሽ ናት ማለት እችላለሁ፣ እርሷም አትክድም። ዛሬ ከሰዓት መጥታ፣ «ለምሕረት እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ። ከዚያ አሰበችና፣ «ብቻ ቤተ ክርስቲያን እንዳይሰማ» አለች። ቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ከማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሳምንት አብረን ሣቅን።

አትንገሪያት አልሁ። የእርሷን ጥፋት ከእኔ ለይቶ መንገር አይቻልም፤ ዘይቱን የጨመረችው እርሷ ናት፣ ያላየሁት እኔ ነኝ። ምሕረት ደግሞ ያለችው መኪናዋ ከተበላሸች ነው እንጂ ማን አበላሸ አላለችም። ልጄ የእኔው ልጅ ናት። ምን እንደምትወስን አላውቅም። ካርቶኑን አይታ ትስቅ ይሆናል። ለሹፌር ትደውልም ይሆናል።

ቾልን ለይቅርታ ጠራሁት። ላስረዳ ስጀምር፣ «እማማ፣ ተዪው በቃ» አለ። አማርኛው ሲያመልጠው አንቺ ይለኛል፤ ከተቀየመ ጀምሮ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አርመው ነበር። ቀበቶ ግን አሁንም የለውም፣ ሱሪውን በገመድ አስሯል። የተበጠሰው በእኔ ሥራ ነው።

ነገ መጀመሪያ የማደርጋቸው፦

፩. ከቅዳሴ በፊት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሜዳው ላይ ዘይቱን መለካት። ዘንጉን በላይነሽ ታውጣ። ሜዳ ለምን እንደሚያስፈልግ እርሷ ለእኔ ታስረዳኝ።

፪. በዘጠነኛው ተራ ላይ ያለውን ምልክት በአንድ መስመር መሰረዝ፣ ሥሩ እንዲነበብ። ከተለካ በኋላ አዲሱን ምልክት ማድረግ። ከጎኑ የሆነውን በሁለት መስመር መጻፍና መፈረም።

፫. ከቅዳሴ መልስ ለቾል ቀበቶ።

፬. አውሮፕላን ማረፊያ ቀድሞ መድረስ። ለምሕረት ከሰላምታ በኋላ፣ ሻንጣዋ ሳይጫን፣ ካርቶኑን መስጠት።

፭. አንብባ እስክትጨርስ ከመኪናዋ ውጭ ቆሞ መጠበቅ።